ሌንሱን ከመግዛትዎ በፊት ሳሎንዎን ይለኩ

የካሜራ ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ቤት ውስጥ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ማንሳት። ዙም የሌለው ሌንስ፣ ማለትም ፕራይም፣ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የቱ ፕራይም እንደሚሻል የሚወስነው የሚያነሱበት ክፍልና የያዙት ካሜራ ነው።

ጥያቄ፦ ካኖን 2000ዲ አለኝ። ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ነው። የማነሳው ልደት፣ ክርስትና፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የቡና ሰዓት ነው። ፍላሽ ሳበራ የሁሉም ፊት ይነጣል፤ ሳጠፋው ፎቶው ይደበዝዛል። ጓደኞቼ ሁሉ «50 ኤፍ 1.8 ግዛና ተገላገል» ይሉኛል። ሳሎናችን 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። ልግዛው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ስለ ብርሃኑ ልክ ናቸው። ሳሎንዎን ግን አልቆጠሩትም።

ብርሃኑን እናስቀድም። የእርስዎ ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ቀዳዳው (አፐርቸሩ) ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ራስዎ ለማስላት 5.6ን ለ1.8 ያካፍሉና የወጣውን ቁጥር በራሱ ያባዙት። ሁለት አምፖል በበራበት ተራ ሳሎን፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 ላይ፣ በኤፍ 5.6 ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ወደ 1/15 ሰከንድ ይወርዳል። በዚያው ብርሃን በኤፍ 1.8 ከ1/125 በላይ ያገኛሉ። በ1/15 ስኒ የሚያቀብል እጅ ጭስ ይመስላል፤ በ1/125 ጣቶቹ ይቆጠራሉ።

ወደ ክፍሉ እንምጣ። 50 ሚሊ ሜትር «ስታንዳርድ» የሚለውን ስም ያገኘው 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነው ፊልም ላይ ነው። በ1925 ገበያ ላይ የወጣችው ላይካ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዛ ስለመጣች ቁጥሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የእርስዎ ካሜራ ሴንሰር (በፊልም ፈንታ ብርሃኑን የሚቀበለው) ግን ስፋቱ 22.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 50 በእርስዎ ካሜራ ላይ ሲገጠም የሚያሳየው 80 ሚሊ ሜትር በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የዚያን ፊልም ያህል በሆነ ካሜራ) የሚያሳየውን ያህል ነው። ይህ የፊት ፎቶ ሌንስ እንጂ የሳሎን ሌንስ አይደለም።

በቁጥር እንየው። የሚያነሱት ነገር ያለበትን ርቀት በሴንሰሩ ስፋት ያባዙና ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ያካፍሉት፤ በፎቶው ውስጥ የሚገባውን ስፋት ያገኛሉ። ሳሎንዎ 4 ሜትር ቢሆንም ሶፋው ግድግዳውን ተደግፎ ቦታ ይወስዳል፤ እርስዎም መቆሚያ ይፈልጋሉ። የሚተርፈው 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከዚያ ርቀት 50 የሚያስገባው 1 ሜትር ከ10 ነው፤ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። 35 አንድ ሜትር ከ60 ያስገባል፤ ሦስት ሰው። 24 ደግሞ ሁለት ሜትር ከ30፣ ሶፋውን ከነእጀታው። አንድ ሰው ከራስ እስከ እግር በቁመት ለማንሳት በ50 ከ4 ሜትር በላይ መራቅ ይኖርብዎታል። ጀርባዎ ግድግዳውን ነክቶም አይደርስም።

ታዲያ 24 ይግዙ? የካኖን 24 ኤፍ 2.8 ትንሽና ቀላል ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ነገር ግን አሁን በእጅዎ ያለው ሌንስ 24 ላይ ኤፍ 4 አካባቢ ይከፈታል። የሚያተርፉት እጥፍ ብርሃን ብቻ ነው፤ ለዚያ ገንዘብ ማውጣት አያስቆጭም አንልም። 35 ኤፍ 2 ላይ ግን ትርፉ 5 እጥፍ ነው፣ ሦስት ሰውም ይገባል። ለእርስዎ ሳሎን የምንመክረው ይህንን ነው። ካኖን በ2012 ያወጣው 35 ኤፍ 2 አይኤስ ግሩም ሌንስ ነው፤ እስከ 24 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ረከቦት ላይ የተደረደሩትን ስኒዎች ከቅርብ ያነሳል። ዋጋው ከከበደዎት የዮንግኑኦ 35 ኤፍ 2 አለ። እሱ ኤፍ 2 ላይ ጥራቱ ይላላል፣ የፎከስ ሞተሩም ይጮኻል፤ ኤፍ 2.8 ላይ ግን ለቤተሰብ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ምሽት ይስጡት። የ18-55ቱን ዙም 35 ላይ አድርገው ቀለበቱን በፕላስተር ያሽጉና ዝግጅቱን ሁሉ በዚያ ብቻ ያንሱ። በሌላ ቀን 50 ላይ አሽገው ይድገሙት። ፎቶው ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ የሚፈትሹት ስፋቱን ነው። ስንት ጊዜ ወደ ኋላ መሄጃ እንዳጡ ልብ ይበሉ። የልጆችን ፊትና ቡና የምታፈላውን ሴት እጆች ብቻ እያሳደዱ ካመሹና 50 ካልጠበበዎት፣ ጓደኞችዎ ያሉትን ይግዙ።

35ቱን ሲገጥሙ ካሜራውን «ኤም» (ቁጥሮቹን ራስዎ የሚመርጡበት) ላይ አድርገው ሸተሩን 1/125፣ ቀዳዳውን ኤፍ 2.2 ያድርጉትና አይኤስኦውን አውቶ ላይ ይተዉት። የፎከስ ነጥቡን መሃለኛው ላይ ያቁሙት፤ ካሉት 9 ነጥቦች በደብዛዛ ብርሃን የሚታመነው እሱ ነው። ሰዎቹ ሁለት ረድፍ ሆነው ሲቆሙ ኤፍ 2.2 አይበቃም፤ የኋለኛው ረድፍ ይደበዝዛል። ወደ ኤፍ 4 ይዝጉ፣ ሸተሩን 1/60 ያድርጉት፣ አይኤስኦው ወደ 3200 ይወጣል። «አንዴ እንዳትንቀሳቀሱ» ብለው ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው ያንሱ። ከሦስቱ በአንዱ ሁሉም ዓይን ተከፍቶ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ለኒኮን ዲ3400 ካሜራዬ ያገለገለ 50 ኤፍ 1.8ዲ ገዛሁ። ስገጥመው ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ የሚሉ ሦስት ፊደላት ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ አላነሳም ይለኛል። አውቶፎከሱም አይሠራም። ተጭበርብሬ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሌንሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው።

ፊደላቱ የሚመጡት ሌንሱ ላይ ያለው የአፐርቸር ቀለበት ቦታውን ስለለቀቀ ነው። ቀለበቱን ብርቱካንማ ቀለም ወዳለው 22 ቁጥር እስከ መጨረሻው ያዙሩትና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ይግፏት። ፊደላቱ ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን የሚቀይሩት በካሜራው መደወያ ነው፤ ቀለበቱን ዳግም አይንኩት።

አውቶፎከሱ ግን አይስተካከልም። ዲ የሚል ፊደል ያለበት ይህ ሌንስ በውስጡ ሞተር የለውም፤ የሚያዞረው በካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። የኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ያ ሞተር አልተሠራላቸውም። ዲ90፣ ዲ7000ዎቹ፣ ዲ610 እና ዲ750 አላቸው። በእርስዎ ካሜራ የፎከሱን ቀለበት በእጅ እያዞሩ መሥራት ይቻላል፤ በመመልከቻው ታች በግራ በኩል ያለችው ነጥብ ሳትጠፋ ስትበራ ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። ለተቀመጠ ሰው ይሆናል። ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም።

ሻጩ የሚቀይርልዎት ከሆነ ስሙ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ያለበትን ይጠይቁ። ለቤት ውስጥ የምንመርጥልዎት በ2009 የወጣው ዲኤክስ 35 ኤፍ 1.8ጂ ነው። በእርስዎ ሴንሰር ላይ ወደ 52 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከ3 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ስፋት ያስገባል። ለእንደርስዎ ዓይነት ካሜራ እውነተኛው ስታንዳርድ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ተፈቅዶልኝ ማኅሌትና ቅዳሴ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 6ዲ፣ ሌንሴ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ነው። ፍላሽ አልጠቀምም። ሦስት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጌ ጆሮ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፊት ይጨልማል። ሦስተኛ፣ የጧፍ ብርሃን ባለበት ፎቶ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሌንሱ ነው ችግሩ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሌንሱ አይደለም። 50 በፉል ፍሬም ላይ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ አይቀይሩት።

ጆሮው ለምን ይጠራል? ከ1 ሜትር ከ20 ርቀት በኤፍ 1.8 ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት በጠቅላላው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 3ቱ ከፊት፣ 3ቱ ከኋላ። እርስዎ ምናልባት መሃለኛውን ነጥብ ዓይን ላይ አድርገው ፎከስ ይይዙና ካሜራውን ወደ ታች ዝቅ አድርገው ፎቶውን ያስተካክላሉ። ካሜራው በ12 ዲግሪ ሲዞር ፎከስ የተያዘበት ወለልም አብሮ ይዞራል፤ ከዓይኑ ወደ ኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሸሻል። መዘምሩ በዚያ ቅጽበት አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ከተወዛወዘ ዓይኑ ከጥራቱ ወጣ፣ ጆሮው ገባ ማለት ነው። በወረብ ጊዜ ደግሞ የማይወዛወዝ የለም።

መፍትሔው መራቅና ትንሽ መዝጋት ነው። 2 ሜትር ቆመው ኤፍ 2.2 ላይ ካነሱ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ዓይንም ጆሮም ከነጸናጽሉ ይገባል። የ6ዲ መሃለኛ ነጥብ በጣም ደብዛዛ ብርሃን ላይ የሚይዝ ስለሆነ እሱን አይልቀቁ፤ ግን ካሜራውን ብዙ አያዙሩ። ፎቶውን ሰፋ አድርገው አንስተው በኋላ ጠርዙን መቁረጥ ይሻላል። ፎከሱ አልይዝ ካለዎት ጉንጭ ላይ አይልፉ፤ ነጭ ጥምጥም ከግንባር የሚገናኝበት መስመር ላይ ያነጣጥሩ። አውቶፎከስ የሚፈልገው የጨለማና የብርሃን ድንበር ነው፤ ያ መስመር ደግሞ ከዓይን ብዙም አይርቅም።

በጧፍ ብርሃን መነሻ ቁጥርዎ 1/125፣ ኤፍ 2.2፣ አይኤስኦ 6400 ይሁን። መቋሚያና ጸናጽል በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ 1/250 ያስፈልጋል፤ ያኔ ወደ ኤፍ 1.8 ይክፈቱና አይኤስኦውን ወደ 8000 ይውሰዱት። የ6ዲ ሴንሰር ይህን ይሸከማል። ኖይዝ (አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ) ያለበት ፎቶ ይታያል፤ የደበዘዘ ዓይን ግን በምንም አይመለስም።

የነጠላው ጉዳይ የካሜራው ስሌት ነው። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ፎቶው በነጭ ልብስ ከተሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ጠይሙ ፊት አብሮ ይጨልማል። በዚህ ጊዜ የኤክስፖዠር ማካካሻውን (የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) ከ2/3 እስከ 1 ወደ ፕላስ ይግፉ። ተቃራኒውም አለ፤ አብዛኛው ፎቶ ጨለማ ሆኖ ሁለት ሦስት ጧፍ ብቻ ሲበራ ካሜራው ብርሃን ይጨምርና ነበልባሉና ነጠላው ተቃጥለው ነጭ ወረቀት ይሆናሉ፤ የነጠላው ሽመና ይጠፋል። ያኔ ወደ ማይነስ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በ«ኤም» መሥራት ነው። የብርሃን መለኪያውን ስፖት (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካበት) ላይ አድርገው መሃሉን በፊት ይሙሉት፤ ጠይም ፊት ከሆነ መርፌው ከዜሮ በታች 1/3 እስከ 2/3 ላይ ሲቆም ይተዉት። ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ማንም ነጠላ ለብሶ ቢያልፍ ቁጥሩ አይናወጥም።

አረንጓዴዎቹ ነጠብጣቦች የሚመጡት ሌንሱ ፊት ከተገጠመው የዩቪ ፊልተር ነው። የነበልባሉ ብርሃን ከሴንሰሩ ተንጸባርቆ ጠፍጣፋውን መስታወት ይመታና ይመለሳል። ማረጋገጫ ከፈለጉ ነጥቦቹን ይመልከቱ፤ ጧፉ ከላይ በቀኝ ከሆነ ነጥቡ ከታች በግራ፣ ከመሃል እኩል ርቀት ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ፊልተሩን ፈትተው ኪስ ውስጥ ያስቀምጡት። ለሌንሱ ፊት መከላከያ ኮፍያው (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የብርሃን መከለያ) ይበቃል።

ስለ ቀለም አንድ ቃል። የጧፍ ብርሃን 1900 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ካሜራዎ ደግሞ ከ2500 በታች አይወርድም። ስለዚህ ብርቱካንማነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አይመኙ። በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል) አንሥተው በኋላ ትንሽ ቢያበርዱት ይበቃል። ነጠላውን የወረቀት ነጭ ለማድረግ የሚታገል ሰው የሌሊቱን መልክ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ሶኒ ኤ6400 በ35 ኤፍ 1.8 ይዤ በአዳራሽ የሰርግና የመልስ ፎቶ አነሳለሁ። ድምፅ እንዳይረብሽ ሳይለንት ሹቲንግ (ያለ ድምፅ ማንሻውን) እከፍታለሁ። ፎቶዎቹ ላይ ጥቁርና ብርቱካንማ አግዳሚ መስመሮች ይታያሉ። ሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ እያለውም እስክስታ ሲመታ ሁሉም ይደበዝዛል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሳይለንት ሹቲንግን ዛሬውኑ ያጥፉት። በዚያ አሠራር ሴንሰሩ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። አምፖሎቹ ደግሞ ዓይናችን ሳያየው ይበራሉ ይጠፋሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 120 ጊዜ። አንዳንዱ መስመር ሲበራ፣ አንዳንዱ ሲጠፋ ይነበባል። የሚያዩት አግዳሚ መስመር እሱ ነው። በሜካኒካል ሸተር አብዛኛው ይጠፋል። ቀሪውን ለማጥፋት ሸተሩን 1/60 ወይም 1/125 ላይ ያቁሙት፤ ሙሉ የብርሃን ዑደት ይገባል። ለሰርግ ወደ ኢትዮጵያ ሲሄዱ ቁጥሩ ይለወጣል። እዚህ 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 ወይም 1/100 ነው የሚያዋጣው። በ1/125 ለምደው የመጡ ብዙዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ እየወጣባቸው ይቸገራሉ።

የሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ የእርስዎን እጅ እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ አያቆምም። ለእስክስታ ቢያንስ 1/320 ያስፈልጋል። ያኔ ከአምፖሉ ጋር መጋጨትዎ አይቀርም፤ በተከታታይ ስድስት ሰባት ጊዜ ያንሱ፣ ከመካከላቸው ብርሃኑ ደህና የሆነ ይገኛል። ትከሻው ከመንገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ሊመለስ ሲል አንድ ቅጽበት ይቆማል፤ ከበሮውን እየሰሙ በዚያች ቅጽበት መጫን ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል። ሌንሱን አይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ኤፍ 1.8 ከሆነ ይህን ያህል ጥሩ፣ ኤፍ 1.4 ደግሞ የበለጠ አይሆንም? ዋጋው እጅግ ይለያያል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ልዩነቱ የአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ሁለት ሦስተኛ ነው። በኤፍ 1.8 አይኤስኦ 3200 የሚጠይቅ ፎቶ በኤፍ 1.4 ወደ 2000 ይወርዳል፤ በዓይን ለይቶ ለማየት ይቸግራል። ጥልቀቱ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል፣ የሚስቱት ዓይን ይበዛል። ቤት ውስጥ ከሆኑ የቁም መብራቱን ወይም ባለ እጀታውን አምፖል ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ያስጠጉት፤ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 4 እጥፍ ያድጋል። ይህ ምንም አያስከፍልም፣ ከኤፍ 1.4ም ይበልጣል። ወንበሩን ወደ መስኮት ማዞርም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ 50 ኤፍ 1.8 ልገዛ ነው። ምን ላረጋግጥ? (ከደሴ)

መልስ፦ የራስዎን ካሜራ ይዘው ይሂዱ፤ ያለ ካሜራ የተፈተሸ ሌንስ እንዳልተፈተሸ ይቁጠሩት።

ካኖን ከሆነ ጀርባውን ይመልከቱ። ካሜራው ላይ የሚገጥመው ቀለበት ፕላስቲክ ከሆነ በ1990 የወጣው አሮጌው ነው፤ ብረት ሆኖ ኤስቲኤም የሚል ከተጻፈበት የ2015ቱ ነው። አሮጌው ሲወድቅ ከወገቡ ተለያይቶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የፊተኛውን ክፍል በጣት ይዘው ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ከላላ ተጣብቆ የተመለሰ ነው። በኤስቲኤሙ ላይ ደግሞ ፎከስ ሲያደርግ ወደ ፊት የሚወጣው ቱቦ በቀጥታ ገብቶ መውጣቱን፣ አለመንገጫገጩን ያዳምጡ። ቱቦው ወጥቶ ሳለ የተመታ ሌንስ ሞተሩ ይጎዳል። ገዝተው ሲጠቀሙም ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አድርገው ቱቦውን ካስገቡ በኋላ ካሜራውን ያጥፉ።

በስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ ከፊት በኩል አግድም ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም፤ አይደራደሩበት። የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ክር ካዩ ግን ሻጋታ ነው። ይስፋፋል፤ አይግዙ። ከዚያ ቀዳዳውን ኤፍ 8፣ ሸተሩን 2 ሰከንድ አድርገው እያነሱ በሌንሱ ፊት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ቅጠሎቹ ቶሎ ተዘግተው ትንሽ ቀዳዳ መተው አለባቸው። ቢዘገዩ ወይም ዘይት ቢያብለጨልጭባቸው ይተዉት።

የመጨረሻው የፎከስ ፈተና ነው። ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ካሜራውን ከ1 ሜትር ርቀት በ45 ዲግሪ ያዘንብሉት፤ ኤፍ 1.8 ላይ፣ በመሃለኛው ነጥብ አንድ መስመር ላይ ፎከስ ያድርጉና ያንሱ። በየመካከሉ ፎከሱን እያጠፉ አምስት ጊዜ ይድገሙት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በስክሪኑ በላይቭ ቪው ያንሱ። አምስቱም ከመረጡት መስመር ፊት ወይም ኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳቱና የላይቭ ቪው ፎቶው ከተስተካከለ፣ ሌንሱና ካሜራዎ አልተግባቡም። እንደ 6ዲ ያለ ካሜራ በሜኑው ውስጥ ማስተካከያ አለው። እንደ 2000ዲ ያለው የለውም፤ ሌላ ሌንስ እንዲያመጡልዎት ይጠይቁ።